ማክሰኞ ብቻ የሚጠራ አየር

ጥር 6፣ ማክሰኞ
ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮው እንደ ወትሮው ለካን። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጠው ፋብሪካ አጥር ሥር የአየር መለኪያውን አቆምን፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ የማጣሪያ ወረቀቱን አወጣን። ነጭ። ቡድን መሪው ወደ ፀሐይ አንስቶ አየውና፣ "አየር አይደለም፣ ወተት ነው!" አለ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔም ፈረምኩ።
ስመለስ እህቴ ቤት ጎራ አልኩ። ከፋብሪካው ጀርባ ነው የምትኖረው። ልጇ ጩጬ የመስኮቱን ደፍ ትልሳለች።
"ምን እያረግሽ ነው?"
"ይጣፍጣል፣ አክስቴ።"
መስኮት ይጣፍጣል?

ጥር 9፣ ዓርብ
መለኪያውን በታክሲ ጭኜ ብቻዬን ሄድኩ። ያው አጥር፣ ያው ሁለት ሰዓት። ወረቀቱ ጥላሸት መስሎ ወጣ።
የፋብሪካውን ዘበኛ ጠየቅኩት። "ማክሰኞማ ምድጃው ይጠረጋል፣ እሳት የለም" አለኝ፣ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች በሚል ዓይን።
ለእኛ ክፍል መኪና የሚመደበው ማክሰኞ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ ምድጃ ስንለካ ኖረናል። አጋጣሚ? ወይስ የመኪናውን ተራ ያወጣው ሰው ያውቅ ነበር?

ጥር 12፣ ሰኞ
ቡድን መሪው፦ "ያለ መኪና፣ ያለ ደብዳቤ የተለካ፣ አልተለካም።"
"ወረቀቱ እኮ ይኸው፣ ጥቁር!"
"አንቺ ልጅ፣ ዲግሪሽን እዚህ አታውለብልቢ።"
ንብረት ያለፈቃድ አውጥተሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ። ወረቀቱንም ወሰደብኝ። ያየሁትን ግን ማን ይወስድብኛል?

ጥር 15
በዕረፍት ሰዓት በጩጬ መዋዕለ ሕፃናት በኩል አለፍኩ። ድምፅ የለም። የተዘጋ መስሎኝ ነበር... አርባ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። አንዱም አይሮጥም። ጣታቸውን ይልሳሉ። ኳሷ ግቢው መሀል አቧራ ለብሳለች። መምህሯ ኮራ ብላ፣ "የዚህ ሰፈር ልጆች ሲበዛ ጨዋ ናቸው" አለችኝ።


ጥር 19
የጩጬን ደም እናስመርምር ስላት እህቴ ጮኸችብኝ። "የቢሮሽን ጠብ በልጄ ደም ልትወጪው ነው?"
"ጉዱ የሚታወቀው በደሟ ነው። ተነሺ።"
ተነሳች።

ጥር 23
የጩጬ የደም ውጤት ወጣ፦ አርባ አንድ። ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። "እርሳስ በደም ውስጥ አምስት ሲደርስ ነው የምንደነግጠው። አቧራው ይጣፍጣል፣ ልጅን ግን ያደነዝዛል። ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አውጧት።" እህቴ አላለቀሰችም። "በየቀኑ እኮ እጠርጋለሁ" ብቻ አለች፣ ደጋግማ። ስትጠርግ አቧራውን ለልጇ እያስነሳችላት... አልነገርኳትም።

ጥር 24
ጩጬን ጠራኋት። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ዞረች።

የካቲት 3
ቡድን መሪው አስጠራኝ። "መለኪያው ተበላሽቶ ነበር ብለሽ ፈርሚ፣ ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ።"
የጩጬን ውጤት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሳያነበው በጣቱ ጫፍ ገፋው። እስክሪብቶ አቀበለኝ። መልቀቂያዬን ጻፍኩበት።

የካቲት 5
እህቴና ጩጬ እኔ ጋ ናቸው። ሐኪሟ ከወር በኋላ ደግመን እንለካለን ብላለች። የጠፋው ሁሉ ይመለስ እንደሆነ ስጠይቃት ግን የቀጠሮውን ቀን ጻፈችልኝ።
የቀረ ዕቃ ላመጣ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ተከራይቷል። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው! እናትየው መጥረጊያ ይዛ ብቅ አለች።
"ከመንግሥት ነሽ?"
"አይደለሁም። እዚህ ቤት የታመመችው ልጅ አክስት ነኝ። እናንተስ ከየት መጣችሁ?"
"ቅርብ ነው፣ ከታችኛው መንገድ። እዚያ ጭሱ በዛብን።"
ከኋላዋ ሦስት ልጆች ቆመዋል። እንግዳ ሲመጣ ልጅ አይንጫጫም? ያዩኛል ብቻ።
"መጥረጊያውን አስቀምጪው፣ እቴ። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፤ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በር በር እያንኳኳን ሰፈሩን በሙሉ እናስመረምራለን።"
"ሥራሽ ነው?"
"አዎ" አልኳት።