ከዝርዝሩ የሰረዝኩት ስም

ሞያሌ፣ ፌብሯሪ 2009

ውድ ሻምሳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመምህራን ኮሌጅ መግባትሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። «መምህሬ ሙዋሊሙ ደምለው፣ ያኔ ለእኔ መለመንዎን አልረሳም። ተማሪን ማስቀደም እንዴት እንደሆነ ይምከሩኝ» ብለሻል። ሁለት ሳምንት ሳልመልስልሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

ሻምሳ፣ ማንንም አልለመንኩልሽም። በ2001 ከስምንተኛ ክፍል ፈተና ዝርዝር ስምሽን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶቻችን የሚፎካከሩት በአማካይ ውጤት ነበር። አንደኛ የወጣው ትምህርት ቤት አስተማሪ በወላጆች ቀን ሕዝብ ፊት ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ርእሰ መምህሩ ሙዋሊሙ ሁቃ ዝርዝሩን ሰጡኝና «ሚኑን፣ አማካዩን፣ ወደ ታች የሚጎትቱትን አንተ ታውቃቸዋለህ» አሉኝ። ሰርዝ አላሉኝም፤ እኔም ምን ማለትዎ ነው አላልኩም። አንቺ ሂሳብ ላይ ደካማ ነበርሽ። ጠዋት ጠዋት ከእናትሽ ጋር ከኢትዮጵያ በኩል ቲማቲም ስታሻግሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጥሽ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከሰዓት በኋላ አስቀምጬ አላስረዳሁሽም። መሰረዝ ይቀላላ!

ለእናትሽ እውነቱን መናገር ስለፈራሁ፣ ድንበር ላይ ማንም የማይጠራጠረውን ውሸት መረጥኩ። «የልደት ወረቀት ስለሌላት የፈተና ቢሮው አልተቀበላትም» አልኳቸው። እዚህ አገር ወረቀት ጎደለ ከተባለ ማን ይከራከራል? ለአባቴ ሆቴል ቲማቲም የሚያቀርቡት እሳቸው ስለነበሩ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። «አንተ ካልክ ልክ ነው» አሉኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ላክኋቸው። ሦስት ሳምንት ገበያቸውን ትተው ወረቀቱን ፍለጋ ኦዳ፣ በአካባቢው ሹም በቺፉ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ቀን ሳልፍ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ይባስ ብሎ ወረቀቱ ተገኘ። ምዝገባው ሊዘጋ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። እናትሽ ወረቀቱን ከሻሻቸው ጫፍ ፈተው «ቼቲው ወጣ ሙዋሊሙ፣ አልሐምዱሊላህ! በል ጻፋት» አሉኝ። አንቺ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ከኋላቸው ቆመሻል።

«ትናንት ተዘጋ» አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «ብዙ ለምኜላት ነበር፣ እምቢ አሉኝ» ብዬ ጨመርኩበት። እናትሽም እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አንቺ እስከ ዛሬ የምታመሰግኚኝ በዚያች ውሸት ነው።

በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣን። ብርድ ልብሱን ደረቡልኝ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። አንቺ ገበያ ተቀምጠሽ ቆየሽና በ2003 ትምህርት በነጻ ሲሆን ቡቲዬ ትምህርት ቤት ገብተሽ ተፈተንሽ። ውጤትሽን ስሰማ የእኔን «ጎበዞች» አብዛኞቹን በልጠሻል። እዚያ ሂሳብ ያስተማረችሽን መምህርት እስካሁን ዓይኗን ቀና ብዬ አላየሁም።

ምክር ጠይቀሻል። ምን አፍ አለኝ? ግን አንድ ነገር በራሴ አይቻለሁና ያዢልኝ፦ ውጤት ይጎትታል የሚሉሽ ልጅ፣ የተቀጠርሽው ለእሱ ነው። ጎበዙማ ያላንቺም ያልፋል። አለቃሽ በዘወርዋራ ሲነግርሽ በግልጽ እንዲናገረው ጠይቂው፤ ብዙ ጊዜ ያፍራል። እኔ ያን ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው አንቺን የበደልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት እንኳ ከበደኝ፤ ቢሆንም ይቅር በይኝ።

ዘንድሮም ዝርዝሩ በእኔ እጅ ነው። አርባ ሦስቱንም ልጆች አስመዝግቤአለሁ። አዲሱ ርእሰ መምህር ሰላምታ ከነሣኝ ሳምንቱ ነው። ይህን የነገርኩሽ እንድታመሰግኚኝ አይደለም፤ ስምንት ዓመት የዘገየ ሥራ አይመሰገንም።

የቀረኝ እናትሽ ናቸው። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ገበያ ሄጄ ሦስቴም ቲማቲም ገዝቼ ተመለስኩ። «ለልጄ የለመንክ» እያሉ ምራቂ ይጨምሩልኛል፤ እሱን ይዤ ቤት መግባት አቅቶኛል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ፖስታ ቤት የማስገባው ዛሬውኑ ነው፤ ራሴን ስለማውቀው። ለዕረፍት ስትመጪ አንብቢላቸው።

አስተማሪሽ ብዬ ለመፈረም ያልደፈርኩት፣
ደምለው