ስለ ድንበሩ የድንጋይ ክምር፣ ለክቡር ኮሚሽነሩ

ለተከበሩ የሩሲያው ንጉሥ የነጩ ዛር የድንበር ኮሚሽነር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኛን የቡሪያት እረኞችን ለሁለት ነገሥታት ሲያካፍሉ ያን ያህል ጎንበስ ቀና ማለትዎ አንጀታችንን በልቶት ነበር።

አስቀድሜ ኃጢአቴን እናዘዛለሁ። በሁለቱ ነገሥታት ውል መሠረት ድንበር ይሁን ብለው በኮረብታው ላይ ባስከመሩት ድንጋይ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጨርቅ የታሰረበትን ክምር እኛ የተቀደሰ ነው ብለን ሦስት ጊዜ ሳንዞር እንደማናልፍ፣ የዙሩም እኩሌታ በቻይናው ንጉሠ ነገሥት ምድር ላይ እንደሚውል ክቡርነትዎ ዘግይተው ተረዱ። አሁን ክምሩ ይታጠር ብለዋል። ቅሬታዬ ይኸውና፦

፩ኛ፦ እህቴ ዶልጎር ጸደይ ላይ ከኮረብታው ማዶ ተዳረች፤ ሣሩ ሳይደርቅ ማዶው ሌላ መንግሥት ሆነ። አሁን ወሯ ገብቷል። እናቴ "ልጄን ላዋልድ" ብላ ብትለምን ጠባቂዎ "ውሉ አይፈቅድም" አላት። ሻይና የቀበሮ ቆዳ ግን በግመል ተጭነው በክብር ይሻገራሉ፤ ለሻይ ስላሳዩት ርኅራኄ እናመሰግናለን። እናትና ልጅ የሚገናኙት ክምሩን ጎን ለጎን ሲዞሩ ብቻ ነው። ምጥ ሲይዛት ዶልጎር ወደዚያው ትመጣለች፤ የእናቴ እጅ የሚደርሰው እስከዚያ ነዋ። ከታጠረ ብቻዋን ትወልዳለች።

፪ኛ፦ ውሉ በላቲን ጭምር መጻፉን ሰምተን ኮርተናል። ከበጎቻችን አንዱም ላቲን አለማወቁ ግን አሳፍሮናል፤ ዛሬም ማዶ ሲግጡ ዋሉ።

፫ኛ፦ "ጨርቁን ያሰረችው አንዲት ጥጋበኛ ልጅ ናት" ብለው ለማስተባበል አይድከሙ። የጎሳችን ሽማግሌ አያ ሸራብ አምና ያልነበረውን ክምር "ቅድመ አያቴ ሲዞረው በዓይኔ አይቻለሁ" ብለው ምለዋል። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ማስታወስ ጀምረዋል፤ ትዝታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ ነው። አጥረኞችዎ ሲመጡ እነዚህን ሁሉ ከነከዘራቸው ያገኟቸዋል።

የትኛው እግርዎ በየትኛው መንግሥት እንደቆመ ባላውቅም በሁለቱም ሥር ወድቄ የምሰናበት፣

ያንጂማ፣ ከክምሩ ግርጌ

ማስታወሻ፦ ጨርቁ አያ ሸራብ ጠፋብኝ እያሉ አገር ያመሱለት መቀነታቸው ነው። ማለዳ ማለዳ ይሰግዱለታል፤ ምስኪን፣ አላወቁትም። አደራ፣ እንዳይነግሩብኝ። ይኸው ደግሞ መጡ፤ ክምሩን መዞራቸውን ትተው ጨርቁን በጣታቸው እየጎተቱ ናቸው፤ አሁን ወደ እኔ ዞሩ፤

"አንቺ ያንጂማ! የመቀነቴ ቋጠሮ ላልቷል፤ ነይና አጥብቂው!"