ቀይ ቀለም በባሕር ወለል ድንጋይ ላይ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት 3፡00

ዛሬም መብራት የለም። የድንጋይ መግነጢስ የምንለካበት ማግኔቶሜትር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ እኔም እንደሱ። ረዳቴ ማኅደር ድንጋዮቹን በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች። ከጣት የማይረዝሙ አረንጓዴና ጥቁር ቁርጥራጮች ናቸው። ማንትል ከሚባለው፣ ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ንጣፍ የመጡ፤ ባሕር ወለል ላይ በመርከብ ተቆፍረው የወጡ። ባሕር የሌለው ባሕር ዳር ደረሱ። ይህን ቀልድ የት/ክፍል ኃላፊው በየስብሰባው ይደግመዋል። ደብተሬ፣ አንድ ቀን በአንዱ ድንጋይ እፈነክተዋለሁ።

ውጤቴ ግን ጉድ ነው! የባሕር ውሃ ወደ ማንትሉ ድንጋይ ሲሰርግ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ይወለድበታል። ማዕድኑ ያን ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። አቅጣጫው ዘሞ ከተገኘ መሬቱ ዞሯል ማለት ነው። የኔዎቹ ጭራሽ ተገልብጠዋል። የምድር መግነጢስ ራሱም በየዘመኑ ይገለበጣል፤ ይህ ድንጋይ ግን ለዚያ ገና ልጅ ነው፤ ከመጨረሻው ግልበጣ በኋላ የተፈጠረ። ስለዚህ የተገለበጠው የባሕሩ ወለል ነው። ለውጭ አጋሮቻችን ልኬዋለሁ።

የማኅደር ኮንትራት በዚህ ወር ያልቃል። የሚታደሰው በኔ ደብዳቤ ነው። ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ዝም ብላ የምታጥበው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከሰዓት 9፡00

ከውጭ አጋሮቻችን ኢሜይል መጣ። ከዚያው ጉድጓድ የወጣውን ሌላውን ግማሽ የያዘችው ሴትዮ ናት። በጣም ጨዋ። የነሱ ግማሽ ትንሽ ጋደል አለ እንጂ አልተገለበጠም። የቀስቶቹን ምልክት ብታዩት ትላለች።

እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቀስት ይሰመራል። ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደ ባሕሩ ገጽ ማሳየት አለበት። የኔዎቹ ወደ ታች ያሳያሉ። ሁሉም! እኔ ደግሞ ወደ ላይ ነው ብዬ አሰላሁት።

ያሰመረችው ማኅደር ናት። ወደ ታች አድርጊው ያልኋት እኔ ነኝ። ስልክ እያወራሁ ነበር። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለቴም ጮኽሁባት። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሳ ሰዓት

ኃላፊው ውጤታችን ከአጋሮቹ ጋር እንደማይገጥም ሰምቶ ሁለታችንንም ጠራን። ውጤቱ ለምን ተበላሸ? ድንጋዮቹን ማን ነካቸው? በምን ተጻፈባቸው? ማኅደር እኔ አለች። ማርከር አልቆ ነበር፤ ግዥ ክፍል እስኪገዛ ብላ በአባቷ ቀለም ጻፈች። አባቷ መ/ጌታ ይትባረክ ዘጌ ያሉ የብራና ጸሐፊ ናቸው። የቅዱሳን ስም የሚጻፍበትን ቀይ ቀለም ራሳቸው ከቀይ አፈር ይበጠብጣሉ።

ቀይ አፈር። ብረት አለበት። አፌ ራሱ ተናገረ፤ ብረት ያለው ቀለም የድንጋዩን መግነጢስ አበላሽቶታል አልሁ። ውሸት ነው። ያቺ ጭረት ከእነዚህ ድንጋዮች ማግኔታይት ፊት ከቁጥር አትገባም፤ ተማሪዎቼ ያውቁታል። ኃላፊው ግን የተማረው መንገድ ሥራ ነው። ራሱን ነቀነቀ።

ማኅደር ዞራ አየችኝ። ስለ ቀስቱ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ናቅኋት። ከዚያ በኋላ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 4፡30

መ/ጌታ መጡ። ከዘጌ በጀልባ፣ ከወደቡ በባጃጅ። አንድ ከረጢት ሎሚ ይዘዋል። የኔታ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። ቀለሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለመጽሐፍ የሆነው ለድንጋይ እንዳይሆን በምን አውቄ? ልጄን ይማሩልኝ።»

ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊይዙ ሲሉ ከለከልኋቸው። የሠራሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው። ቀለምዎ ምንም አላደረገም ማለት ይበቃ ነበር። አየዋለሁ አልኋቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ ረዘመ፤ መሀል ላይ ሰዓቴን አየሁ።

ሎሚውን ተቀበልሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 10፡00

ማኅደር ሁለት ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ከርማለች። የአምስት ድንጋዮችን ቀለም ፍቃ እንደገና ለክታለች። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ከነቀለሙም ያለ ቀለሙም አንድ ነው። ንጹሕ ሥራ። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ኮራሁ፤ ወዲያው ተናደድሁ።

ለኃላፊው አላሳየሁትም አለች። ኮንትራቱ እንዳይታደስልኝ ከፈለጉም ይሁን። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ለአባቷ እንድደውል። ከማክሰኞ ወዲህ ብዕር አላነሡም። የጀመሩትን ድርሳን ዘግተውታል፤ ቀለሙንም ሐይቁ ውስጥ ደፍተውታል። እርጉም ነው ብለው። እሷ ብትነግራቸው ልታጽናናኝ ነው ይላሉ። ዶክተሩ ከነገራቸው ግን ያምናሉ።

«ሥራውን ይውሰዱት። የአባቴን እጅ ይመልሱልኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። አስብበታለሁ አልሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠዋት 5፡00

ጧት ከቤቴ፣ ከሹም አቦ ሰፈር፣ በእግሬ መጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ የኅዳር ሚካኤል ጭስ ነው። እያሳለኝ አሰብሁ።

ቀስቱን አቃንቼ አሰላሁት። ድንጋዮቹ ጋደል ብለዋል፣ ልክ እንደ ሴትዮዋ ድንጋዮች። የባሕሩ ወለል ለሁለት ሲሳብ ማንትሉ ከሥር እየተጎተተ ወጥቶ፣ እግረ መንገዱን አጋድሏል። እውነቱ ከኔ ግልባጭ ይልቅ ያምራል። ረዳቴ ቀስቱን ገልብጣው ነበር ብዬ ለሴትዮዋ ጻፍሁላት። አመሰገነችኝ።

ቀጥሎ ለኃላፊው ደብዳቤ። ኮንትራቷ እንዳይታደስ። ምክንያት፦ ቀለም። ፈረምሁ።

የማኅደርን ወረቀት ቀደድሁት። ግን ቅጂ ሊኖራት ይችላል። አንድ ቀን ለአባቷ ልታሳያቸው፣ እሳቸውም ይዘውት ኃላፊው ዘንድ ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ እንደለመነችኝ ለመ/ጌታ ደወልሁ። የኔታ፣ ደጋግመን ለካነው፤ የእርስዎ ቀለም ነው፤ ልጅዎ ሌላ ብትልዎ ለእርስዎ አዝና ነው አልኋቸው።

ሳልሸሽግ እውነቱን ስለነገርኋቸው አመሰገኑኝ።