ቦራ ሀርሺን ገባ

ጅጅጋ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ዓይንህን ከታከምክ ወዲህ እንዴት ነህ? መነጽሩ ተስማማህ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ልጅህ ሶሲና ናት የምታነብልህ? አዳማ ሙቀቱ በረታ ሲሉ ሰምቼ አሰብኩህ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ። ግፊቴ ወርዶ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ምን አግኝተሽ ነው አለችኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ ገና አፌን ስከፍት «አሳጥሪው» ትለኛለህ፣ ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። ደግሞ የምነግርህ ነገር መጀመሪያው ያስቆጣሃል፣ መጨረሻው ያስደስትሃል፤ በስልክ ከሆነ መጀመሪያው ላይ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ እባክህ እስከ ታች ድረስ አንብብልኝ።

ነገሩ ስለ ፈረስህ ስለ ቦራ ነው። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለ።

ከመስከረም ጀምሮ «ቦራ እንዴት ነው?» ባልከኝ ቁጥር «ይበላል፣ ይጠጣል» እልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። መንገዱ ሲሰፋ ከግቢያችን ስድስት ሜትር እንደተቆረጠ ነግሬሃለሁ፤ ያልነገርኩህ የቦራ ጋጣ በዚያ ስድስት ሜትር ውስጥ እንደነበረ ነው። አሁን እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ባጃጅ ይቆማል። ፈረሱን ኩሽናው ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ሥር አሰርኩት። እንደልቡ ዞር ማለት እንኳ አይችልም። እየከሳ ሄደ። ፉርሽካ ሳቀርብለት አፉ ውስጥ አገላብጦ ይተፋዋል፤ አንሶላዬን ግን ሁለት ጊዜ ከገመዱ ላይ ጎትቶ አውርዶታል።

መላኩን ታውቀዋለህ፣ አራት የውሃ ጋሪ ያለውን። በየሳምንቱ በር እያንኳኳ «እትዬ፣ ሽማግሌውን ይስጡኝ፣ ቀላል ሥራ ነው የማሠራው» ይለኝ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። እኔ ግን አንተ ወደ አዳማ ልትሄድ መኪና ውስጥ ከገባህ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ያልከኝን አልረሳሁም። ስንት ጥምቀት ታቦት ያጀበ ፈረስ በስተርጅናው ጋሪ እንዳይጎትት፣ አደራ አልከኝ። እኔም እሺ ብያለሁ።

አሰብኩ፣ አሰብኩና ጥሩ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ለቤተ ክርስቲያን በስእለት ልስጠው አልኩ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ዘበኛ አለ። ለጥምቀት ያወጡታል፣ ሌላውን ጊዜ እየጋጠ ያረጃል። በታኅሣሥ ንግሥ ዕለት ገላውን አጥቤ፣ ጋማውን አበጥሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እየሳብኩ ወሰድኩት። ሰው እልል አለልኝ። እኔም ኮራሁ።

ይሄኔ ጭንቅላትህን እንደያዝክ ይታየኛል። አዎ፣ ስእለት የገባ ነገር ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያ ለጨረታ እንደሚወጣ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን የሚወጣው በግ ነው፣ ዣንጥላ ነው፣ መጋረጃ ነው፤ ፈረስን ማን ይጫረታል ብዬ ነው እኔ። ዲያቆን ቀለምወርቅ ማይኩን ይዞ «ምእመናን፣ ጥርሱን አትቁጠሩበት፣ ጠባዩን እዩለት» አለ። ገና መነሻውን ተናግሮ ሳይጨርስ መላኩ እጁን አወጣ።

ምን ላድርግ፣ እኔም አወጣሁ። ሰዉ ሳቀ። ከኋላዬ ያሉ ሴቶች «እትዬ፣ የሰጡትን መልሰው ሊገዙ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ልገዛ ነው አልኳቸው። መላኩ ጨመረ፣ ጨመርኩ። መላኩ እንደገና ጨመረ፣ እኔ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረኝም። ዲያቆኑ «አንደኛ» አለ። «ሁለተኛ» አለ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የመጣብኝ ያንተ ፊት ነው።

ያኔ በወንዶች በኩል አንድ ጥቁር ዣንጥላ ወደ ላይ ወጣ። መላኩ ዞር ብሎ «አቶ የጌታሁን፣ ይሄ ጡረተኛ ምን ሊሠራልዎት ነው?» አላቸው። እሳቸውም ረጋ ብለው «ምንም። እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ አብረን እንቀመጣለን» አሉ። መላኩም ሳቀና እጁን አወረደ። ብዬሃለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም።

አቶ የጌታሁንን አታውቃቸውም። የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሀርሺን ወረዳ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡም እዚያው ቀሩ፤ ጅጅጋ የመጡት ለንግሡ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። እኔ ያን ቀን ይህን ሁሉ ስላላወቅሁ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቁሜ መረመርኳቸው። የት ያድራል፣ ማን ያጠጣዋል፣ ነገ ለሌላ ሰው ላለመሸጥዎ ምን ዋስትና አለኝ አልኩ። ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ የቦራን አፍ ከፍተው «እስቲ ይዩ» አሉኝ። የኋላ ጥርሶቹ እንደ ቢላ ተስለው ጉንጩን ከውስጥ አቁስለውታል። ምግብ ጠልቶ አልነበረም ለካ፣ ሲያኝክ እያመመው ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ወር እልኸኛ እያልኩ ስሰድበው ነበር። በማግስቱ ቤት መጥተው በረጅም ሞረድ ጥርሱን አስተካከሉለት። ጆሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ከዚያ በአይሱዙ ጭነን ሀርሺን ወሰድነው። እኔም ቦታውን በዓይኔ ሳላይ አልለቅም ብዬ ጋቢና ገባሁ። ግቢያቸው በእሾህ የታጠረ ሰፊ ነው፣ የግራር ጥላ አለው፤ ጥግ ላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ አላቸው። ገና ሳናወርደው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ባቱሎ መጣች። ቦራን ዞር ዞር ብላ አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችው አባቱ ማን ነው ብላ ነው። አቶ የጌታሁን ናቸው የሚያስተረጉሙልኝ። አላውቅም አልኩ። የአባቱስ አባት? እሱንም አላውቅም። «እንዴ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቁ ነው ቤታችሁ ያስገባችሁት?» አለች። ሶማሌዎች የፈረስን ዘር እንደ ሰው ዘር ነው የሚቆጥሩት። ያሳደገው ወንድሜ ነው ስላት «እንግዲያው የወንድምሽ ልጅ ነው» ብላ ገላገለችኝ። ፉርሽካ እናበላው እንደነበር ስትሰማ ግን አፏን ይዛ ሳቀች። አሁን በየጠዋቱ የግመል ወተት ታመጣለታለች፤ ለፈረስ ወተት መስጠት ወጋቸው ነው። ወር ሳይሞላው የጎድን አጥንቱ መሸፈን ጀምሯል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ፈረሱን ለማየት ነው። ጥምቀት ቅዳሜ ዋለና ቀረሁ እንጂ አንድም አላስታጎልኩም። ስደርስ የጌታሁን ቦራን ይዞ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳወራ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል፤ ላሙቅልህ ስለው ተይው፣ እንዲህ ይሻለኛል ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ «ትወጫለሽ?» አለኝ። ዕድሜዬን አስበኸዋል ወይ አልኩት። «ቦራ መቼ የራሱን አሰበ» አለኝ። ወጣሁ ጋሼ። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ትወድቂያለሽ እያልክ ያስቀረኸኝን ፈረስ እሱ ልጓሙን ይዞልኝ ብርካውን ሁለት ጊዜ ዞርን። አልወደቅሁም። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሜዳው እንዴት እንደሚሰፋ ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?

እንግዲህ ይቅር በለኝ፤ ሳላማክርህ መስጠቴንም፣ መዋሸቴንም። አደራህ ግን አልተበላም። ፎቶውን በሶሲና ስልክ ልኬዋለሁ፣ ሆዱን እየው።

አንድ የምለምንህ ነገር ቀርቷል። የካቲት 17 እሑድ ሦስት ሰዎች ወደ አንተ ይመጣሉ፤ የንስሐ አባቴ፣ የጌታሁን ታላቅ ወንድምና የወይዘሮ ባቱሎ ባል ሐጂ ጀዕፈር። ስለ ፈረሱ ሊያመሰግኑህ ነው። የጌታሁን ራሱ አይመጣም፤ ለምን ብለህ አትጠይቃቸው። ጾሙ ሳይገባ ይድረሱ ተብሎ ነው የተቸኮለው። ተቀመጡ ስትላቸው ቶሎ እሺ ላይሉህ ይችላሉ። ያኔ እንደ ጠባይህ ብዙ አታስቸግራቸው፤ ሐጂ ጀዕፈር ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ብዙ መቆም አይሆንላቸውም።

ዓይንህን ያብራልህ፣ ሶሲናንና ልጆቿን ይባርክልህ፣ በደስታ ያገናኘን።

አክባሪህ፣
ታናሽ እህትህ