መርፌው የሚዘለው ስንኝ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ስፌት ላይ ጎንበስ ማለቱን ቻለልሽ? እማዬን ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ በጤናዬ ምንም አልሆንኩም። ብቻ ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ብዕር አንስቼ እጥላለሁ፤ ምን ፊት ይዤ ልጻፍልሽ?

ባለቤትሽ ጋሼ በስልክ ነግሮኛል። እኔ የቀረብኩበት የራዲዮ ፕሮግራም ሲጀመር የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ አስቁመሽ፣ «ወንድሜ ነው» ብለሽ ደንበኞችሽን ዝም አሰኝተሽ ነበር አሉ።

አራት ሙዚቀኞች ነበርን። አዘጋጇ በልጅነታችሁ ሙዚቃን ያስወደዳችሁ ሸክላ የቱ ነው ብላ በየተራ ጠየቀችን። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ አፌን ሞልቼ የአንድ የውጭ ኦርኬስትራ ሸክላ ጠራሁ። እትዬ፣ ያንን ሸክላ በዓይኔ ያየሁት ሃያ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ነው ያደግሁት ማለት አሳፈረኝ።

የእኛ ቤት ሸክላ አንድ ነበር፤ ያውም ከአሮጌ ማጫወቻ ጋር ጎረቤት የሰጠሽ፣ የተጫረ። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ መርፌው እየዘለለ ሁለት ስንኝ ይውጣል። አንቺ ታዲያ መርፌውን ብድግ አድርገሽ፣ የጎደለውን በራስሽ ድምፅ ትሞዪውና መልሰሽ ታሳርፊዋለሽ። እኔ የጨርቅ ክምር ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ።

ዛሬ በክላርኔት ስጫወተው ሰው ብድግ ብሎ የሚያጨበጭብልኝ ዜማ ያ መርፌው የሚዘለው ስንኝ ነው። ከዘፈኑ የሰረቅሁ መስሎኝ፣ ሰው እንዳያውቅብኝ ስሳቀቅ ኖርኩ። ካቻምና ያልተጫረ ቅጂ አግኝቼ ሳደምጥ ግን እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሌላ ዜማ ነው። የሰረቅሁት ለካ ካንቺ ኖሯል። ይህን ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አልበሜ ላይ «ዜማ» ከሚለው ጎን ግን አሁንም የተጻፈው የኔ ስም ነው።

ከፕሮግራሙ ማግስት የላክሽልኝ መልእክት አንድ ቃል ነበር፤ «ኮራሁብህ» የሚል። ከዚያ ወዲህ ክላርኔቱን አፌ ላይ ሳደርገው ትንፋሽ ያጥረኛል።

ትናንት አዘጋጇ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «መጀመሪያ መንገር ያለብህ ለኔ ሳይሆን ለእህትህ ነው» አለችኝ። እሑድ በዚያው ፕሮግራም ላይ በራሴ አፍ አርማለሁ። አሳታሚውም ስምሽን እንዲጽፍ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤው ከእሑድ በፊት እንዲደርስሽ ወደናንተ ለሚመጣ ሾፌር አደራ ብዬዋለሁ። ፕሮግራሙ ላይ አብሮን የነበረው ሽማግሌ ከበሮ መቺ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፤ እሱንም ሙዚቃን ያስወደደው ያን ቀን የጠራው ሸክላ ሳይሆን የሳሙና ማስታወቂያ እንደነበር ሹክ አለኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እሱ ማንንም አልካደማ።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም። ብትቆጪኝ ይሻለኛል። የምፈራው «ምን አለበት፣ ያንተም የኔም አንድ ነው» እንዳትይኝ ነው። እንደዚያ አትበይኝ፣ እትዬ። ያንቺ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ ነስቷል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አብረውሽ የሚሰፉትንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከኦርኬስትራው መለማመጃ ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን