ከማማው ላይ የተነሳው ፎቶ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

የወፍ ፎቶ ልናነሳ ስንወጣ ዘሃራን ማን ጋበዛት! የሳይንስ ክበቡ መሪ እኔ፣ ካሜራው የእኔ፣ ለፎቶው ከቀበሌ የፈቃድ ደብዳቤ ያስጻፍኩት እኔ። እሷ የሒሳብ መምህርት ናት። ግን የዚሁ አገር፣ የጀውሃ ልጅ ስለሆነች ተማሪዎቹ «ቲቸር ዘሃራ፣ ያቺ ወፍ ማን ትባላለች?» እያሉ እሷን ከበቡ። እኔ የባዮሎጂው መምህር ግን እናቴ ነጭ እራፊ የጣፈችበትን ጥቁር ጃንጥላዬን ይዤ ለብቻዬ።

ሠላሳ አራት ጊዜ አነሳሁ። ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች ገና ካሜራውን ሳነሳ ብር! ይላሉ። የማሽላው ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ወንጭፋቸውን አስቀምጠው «ነይ ልጄ፣ ማማው ላይ ውጪ፤ ከዚያ ጎጆው ቁልጭ ብሎ ይታያል» አሏት። እኔን? «መምህር፣ እርስዎ ይከብዳሉ፤ እንጨቱ አይችልዎትም።» ተማሪ ፊት! ለሁለት ፎቶ የሚሆን ፊልም ቀርቶኝ ነበር፤ ለወጉ ሰጠኋት። ከማማው ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስትስት ጠበቅኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ፊልሙን ደሴ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠሁት፤ አሳጥቦ ያመጣልኛል። ዘሃራን መንገድ ላይ አገኘኋት። «የእኔዎቹ የተበላሹ ይመስለኛል» አለች። «ፎቶ ልምድ ይጠይቃል» አልኳት። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ፎቶው መጣ። የእኔ ሠላሳ አራቱ፦ ቅርንጫፍ፣ ሰማይ፣ ቅርንጫፍ፣ የወፍ ጅራት፣ የተማሪ ጆሮ። ከእሷ አንዱ ጥቁር ብቻ ነው። ሌላው ግን... ወፏ ጎጆዋ አፍ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሣር በአፏ ይዛ፤ ላባዋ ይቆጠራል። ርዕሰ መምህሩ «ጓድ መኮንን፣ ይቺን ያነሳሃት አንተ ነህ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ወዲያው የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ተለጠፈች፤ ከሥሯ ስሜ በቀይ።

ዘሃራ አየችው። ደብተሮቿን አቅፋ ወደ ክፍሏ ገባች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ምናለ ብትሰድበኝ! እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ካሜራው የእኔ አይደል? ፊልሙስ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ጋሽ እንድሪስ ከማማቸው የተነሳ ፎቶ አለ ሲባል ሰምተው ትምህርት ቤት መጡ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አዩ። «ማሻአላህ! ከታች ያለችው የመምህር ጃንጥላ አይደለችም? ይኸው ነጩ እራፊ!» እኔ ድንጋይ መስላኝ ነበር! «ታዲያ እርስዎ ከሥር ቆመው፣ ከላይ ማን አነሳው?»

ተማሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። ዘሃራ «ጋሽ እንድሪስ፣ ወፏን ይዩ እንጂ» ብላ ልታድነኝ ሞከረች። ይሄ ከሁሉ ባሰብኝ።

«ዘሃራ ናት ያነሳችው» አልኩ። ስሜን በምላጭ ፋቅሁ፣ የእሷን በትልቁ ጻፍኩ። ስንወጣ «የፊታችን ቅዳሜ ካሜራህን ታውሰኛለህ?» አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ቆሽቴ እያረረ። ማማው ሥር ግን ሁለተኛ አልቆምም።