ከእቅፋችን የተወሰደው ጎመን

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አንጀቴ አርሯል። እናታችን በሕይወት ብትኖር ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ጆሮህን ይዛ ትጨርሰው ነበር።

የቦዩን ዳር መሬት ታውቀዋለህ። ከጎረቤቶቻችን ጋር ቆሻሻውን ጠርገን ጎመንና ቲማቲም ስንተክል፣ አንተ በባልዲ ውሃ ታመላልስ ነበር። የትምህርት ቤት ምሳህ የወጣው ከዚያ ነው። እኔ ዛሬም የሰው ልብስ አጥቤ ስመለስ የልጆቼን ድስት የምሞላው ከዚያው ነው። የገበያውን ጎመን ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጅ መመለስን አንተ ረስተኸዋል።

ያን ቀን አንተና የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች ስብሰባ ጠራችሁን። ግድግዳው ላይ «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በአካባቢ ምግብ ያላቸው ተሳትፎ» የሚል ጨርቅ ሰቅላችኋል። ከአትክልታችሁ ቆርጣችሁ አምጡ ስላላችሁን አመጣን። ጎመን አሳቅፋችሁ ከጋበዛችኋቸው እንግዶች ጋር ፎቶ አነሳችሁን። ፎቶው እንዳለቀ ዘበኛው ጎመኑን ከእቅፋችን እየተቀበለ መኪና ላይ ጫነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ለልጅ ልጆቼ አንድ እንኳ ተዉልኝ» ስትል፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ «ለእንግዶቹ ነው፣ እማማ» አልካት። እኔን ደግሞ እንደማታውቀኝ ሆነህ ወረቀት ዘርግተህ «እርስዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልከኝ። አዝዬ ያሳደግኩህን እኔን።

ሴቶቹ ወረቀቱን ፈርተው ነበር። «ለመገኘታችን ነው፤ ፈርሙ፣ ወንድሜ አይከዳንም» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንተም አጠገቤ ቆመህ ሰምተህ ዝም አልክ። ይኸው ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ተለጠፈ። መሬቱ ሰኞ ይታጠራል፣ ዘመናዊ የአትክልት መሸጫ ይሠራበታል፣ ነዋሪዎቹም ተስማምተው ፈርመዋል ይላል። የመሸጫው መደብ ኪራይ ለቻለ ነው። እኛ ምን ልንበላ ነው? ቆመን የሰው ቲማቲም ልናይ?

ልብስ ሰፊዋ ትናንት ደጄ ድረስ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«አንቺን አምኜ እኮ ነው የፈረምኩት» አለችኝ።

ይህን ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ብዬ እንዳላለቅስ፣ እኔ ሌላውንም አስነክሻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ግን ልንገርህ፣ ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ፊት ቀና ማለት አቅቶኛል።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ጎመኑ መሃል ነን። አጥር የሚያጥሩት ሰዎች «ይቺ ሴት ማን ናት?» ብለው ይጠይቁሃል፤ ምን እንደምትመልስ እዚያው እሰማለሁ። ወይ ወረቀቱን ይዘህ መጥተህ የስምምነት ሳይሆን የመገኘት ፊርማ ነው ብለህ በሁሉም ፊት ተናገር፣ ወይ በራስህ እጅ ጎትተህ አውጣኝ። ሌላ ሰው እንዳትልክ።

ከታች ፊርማዬን ብታጣ አይግረምህ። አንዱ አንተ ጋ አለ፤ ሁለተኛ አልፈርምልህም።

እህትህ